ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ፦ የዓይንን ውስጥ ለሐኪሞች የከፈተው ሰውና የሌዘር ቀዶ ሕክምና ቅድመ ምርመራ

ከመነጽር ወይም ከኮንታክት ሌንስ ለመላቀቅ አስበው ለሌዘር የዓይን ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያ ምክክር ቀጠሮ ይዘው ከሆነ፣ በዚያ ዕለት ሌዘሩን አያገኙትም። የሚያገኙት መመርመሪያ መሣሪያዎችን ነው። አገጭዎን መደገፊያ ላይ አሳርፈው የብርሃን ክቦችን ይመለከታሉ፤ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግልዎታል፤ ሐኪሙም ብርሃን ይዞ የዓይንዎን የኋላ ግድግዳ ያያል። በመጨረሻም ለቀዶ ሕክምናው ተስማሚ መሆን አለመሆንዎ ይነገርዎታል። ይህ ውሳኔ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ሌዘር ከኮርኒያ ላይ ያነሳው አካል ተመልሶ አይበቅልም።

ከእነዚህ ምርመራዎች ዋና ዋናዎቹን ወደ ኋላ ብንከተላቸው ወደ አንድ ሰው ያደርሱናል። እሱም ጀርመናዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። ሄልምሆልትዝ የሞተው የመጀመሪያው ሌዘር ከመሠራቱ 66 ዓመት አስቀድሞ ነው። ይሁን እንጂ የዓይንን ውስጥ የማየት፣ የኮርኒያን ቅርጽ የመለካትና ዓይን ቅርብና ሩቅ የሚያስተካክልበትን መንገድ የማወቅ ሥራው ዛሬም በምርመራ ክፍሉ ውስጥ አለ። የሕይወት ታሪኩን ማወቅ እያንዳንዱ ምርመራ ለምን እንደሚደረግ፣ እርስዎም ለምን በሚገባ ተዘጋጅተው መሄድ እንዳለብዎ ለመረዳት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሄርማን ሄልምሆልትዝ ኦገስት 31 ቀን 1821 በፕሩሺያ፣ ከበርሊን አጠገብ በምትገኘው በፖትስዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ ፈርዲናንድ በከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቋንቋና ፍልስፍና የሚያስተምር መምህር ነበር። ሄርማን በልጅነቱ በሽታ የሚያጠቃው ስለነበር ብዙ ጊዜውን ቤት ውስጥ፣ አልጋ ላይ ያሳልፍ ነበር። መጫወቻው የእንጨት ብሎኮች ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ገብቶ ጂኦሜትሪ ሲማር ብዙውን ነገር ከብሎኮቹ ያወቀው ሆኖ አገኘው። በአንጻሩ እርስ በርስ የማይያያዙ ቃላትንና ጽሑፎችን በቃል መያዝ በጣም ይከብደው ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች የላቲን ጽሑፍ ሲያነቡ እሱ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ብርሃን በቴሌስኮፕ ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ ያሰላ ነበር።

ፍላጎቱ ፊዚክስ ማጥናት ነበር። ነገር ግን የመምህር ደመወዝ ለዚያ አይበቃም ነበር። አባቱ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ በበርሊን የነበረው የጦር ሠራዊት ሐኪሞች ማሠልጠኛ ተቋም ድሃ ግን ጎበዝ ልጆችን በነፃ ያስተምር ነበር። ክፍያው ከምረቃ በኋላ በሠራዊቱ ውስጥ ለስምንት ዓመት በሐኪምነት ማገልገል ነው። ሄርማን በ1838 ገባ። በዚህ ሁኔታ ፊዚክስ የሚወደው ልጅ የሕክምና ተማሪ ሆነ።

በበርሊን ያስተማረው ታዋቂው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዮሃንስ ሙለር ነበር። ከጓደኞቹም መካከል ኋላ ስመ ጥር የሆኑት ኤርንስት ብሩከና ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን ይገኙበታል። ተማሪ ሳለ ታይፈስ ይዞት ሻሪቴ ሆስፒታል ተኛ። የተቋሙ ተማሪ በመሆኑ የታከመው በነፃ ነበር፤ ተኝቶ በቆየበት ጊዜ ያላወጣት አነስተኛ አበሉም ተጠራቀመችለት። ሲያገግም በዚያች ገንዘብ አንድ ማይክሮስኮፕ ገዛ። መሣሪያው ምርጥ የሚባል አልነበረም፤ ሆኖም በ1842 የዶክትሬት ጽሑፉን ለማዘጋጀት በቅቶታል። በጽሑፉም አከርካሪ በሌላቸው እንስሳት ላይ የነርቭ ክሮች ከነርቭ ሴሎች እንደሚነሱ አሳየ።

የጦር ሠፈር ሐኪም

በ1843 በፖትስዳም የአንድ ክፍለ ጦር ሐኪም ሆኖ ተመደበ። ቀን ወታደሮችን ያክማል፤ ትርፍ ሰዓቱን በጦር ሠፈሩ ውስጥ ባቋቋማት አነስተኛ ቤተ ሙከራ ያሳልፋል። የእንቁራሪት ጡንቻ ሲሠራ ሙቀት እንደሚፈጥር የለካው በዚሁ ዘመን ነው። በጊዜው ብዙ ሊቃውንት ሕይወት ያለው አካል በፊዚክስ ሕግ የማይገዛ የራሱ ልዩ ኃይል አለው ብለው ያምኑ ነበር። እሱ ግን ሰውነት የሚያወጣው ሙቀትና ሥራ ሁሉ ከምግብ የሚገኝ ነው የሚል አቋም ነበረው።

ይህ ሐሳብ አድጎ ጁላይ 23 ቀን 1847 በበርሊን የፊዚክስ ማኅበር ፊት ያቀረበውን ጽሑፍ ወለደ። ኃይል ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ ይለወጣል እንጂ ከምንም አይፈጠርም፣ አይጠፋምም የሚለውን ሕግ በሒሳብ አስረዳ። ያኔ ገና 26 ዓመት አልሞላውም ነበር። የዘመኑ ታላቅ የፊዚክስ መጽሔት ጽሑፉን አላትምም ስላለው በራሱ በትንሽ መጽሐፍ መልክ አሳተመው። ዛሬ ይህ ጽሑፍ ከፊዚክስ መሠረቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

በ1848 በታዋቂው ሳይንቲስት በአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ድጋፍ ከቀሪው የሠራዊት አገልግሎት ነፃ ወጣ። በበርሊን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለጥቂት ጊዜ አናቶሚ አስተማረ። በ1849 በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ መምህር ሆነ፤ ይህች ከተማ ዛሬ ካሊኒንግራድ ትባላለች። በዚያው ዓመት ኦልጋ ፎን ፌልተን የተባለችውን እጮኛውን አገባ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መልእክት በእንቁራሪት ነርቭ ውስጥ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት እንደሚጓዝ ለካ። ከዚያ በፊት ይህ ፍጥነት ፈጽሞ ሊለካ የማይችል ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ብሌን ለምን ጥቁር ሆኖ ይታያል?

በ1850 መጨረሻ ሄልምሆልትዝ ለተማሪዎቹ ስለ ዓይን ትምህርት ሲያዘጋጅ አንድ ጥያቄ ያዘው። ብርሃን በብሌን በኩል ወደ ዓይን ይገባል፤ ከፊሉም ከውስጥ ተንጸባርቆ ይመለሳል። የድመትና የውሻ ዓይን በጨለማ የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ የሰው ብሌን ስናየው ለምን ጥቁር ይሆናል?

መልሱ በብርሃኑ መንገድ ላይ ነበር። ከዓይን የሚመለሰው ብርሃን በገባበት መንገድ ተመልሶ ወደ መብራቱ ይሄዳል። ይህን ብርሃን ለማየት የተመልካቹ ዓይን በመብራቱ ቦታ መሆን አለበት። ተመልካቹ በዚያ ቦታ ከቆመ ግን ራሱ ብርሃኑን ይጋርደዋል።

ሄልምሆልትዝ ችግሩን የፈታው በቀላል ነገር ነው። መብራቱን በጎን አስቀመጠ። በራሱ ዓይንና በሚመረመረው ሰው ዓይን መካከል ስስ መስታወት በአግድም አዘንብሎ አቆመ። መስታወቱ የመብራቱን ብርሃን ወደሚመረመረው ዓይን ያንጸባርቃል፤ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ደግሞ መስታወቱን አልፎ ወደ ተመልካቹ ይደርሳል። ምስሉ ጥርት እንዲል ሌንስ ጨመረበት። የመጀመሪያውን መሣሪያ የሠራው ከካርቶን፣ ከመነጽር ሌንስና በማይክሮስኮፕ ላይ ከሚደረግ ስስ መስታወት ነበር። ጥቂት ቀናት እየሞከረ አልሳካ ቢለውም ተስፋ አልቆረጠም፤ ስሌቱ እንደሚቻል ያረጋግጥለት ነበርና። በመጨረሻም በሕይወት ያለ ሰው ሬቲና፣ የደም ሥሮቹና የእይታ ነርቩ መግቢያ ፊት ለፊቱ ታየው።

ግኝቱን ዲሴምበር 6 ቀን 1850 ለበርሊኑ የፊዚክስ ማኅበር አሳወቀ፤ ዝርዝሩን በ1851 አሳተመ። በዚያው ሰሞን ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ለዚህ ሥራ ያስፈለገው እውቀት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ብርሃን የተማረው ብቻ መሆኑን ገልጾለታል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በ1847 ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ያየለት ሐኪም ጥቅሙን ስላልተረዳ ሳይታወቅ ቀረ። የኮኒግስበርጉ መሣሪያ ሠሪ ሬኮስ ደግሞ ሌንሶቹን እያዞሩ ለመቀያየር የሚያስችል ክብ ዲስክ ጨመረበት። ይህ ዲስክ በዛሬዎቹ የእጅ ኦፍታልሞስኮፖችም ውስጥ ይገኛል።

ሁሉም ሐኪም መሣሪያውን በደስታ አልተቀበለውም። አንዱ የታመመ ዓይን ላይ ብርሃን ማብራት አደገኛ ነው አለ። ሌላው ደግሞ መሣሪያው የራሳቸው ዓይን ለደከመ ሐኪሞች ካልሆነ እንደማይጠቅም፣ የእሱ ዓይን ግን ጤናማ ስለሆነ እንደማያስፈልገው ተናገረ። በበርሊን የነበረው ወጣት የዓይን ሐኪም አልብሬክት ፎን ግሬፌ ግን ወዲያው ተጠቀመበት። ግሬፌና የዘመኑ ባልደረቦቹ በግላኮማ የእይታ ነርቭ ጫፍ ተቦርቡሮ ጎድጓዳ እንደሚሆን በዚህ መሣሪያ አዩ። በ1857 ግሬፌ ድንገተኛ ግላኮማን የሚያክም ቀዶ ሕክምና ይፋ አደረገ። ቀደም ሲል ታውሮ ይቀር የነበረ ሕመምተኛ የመዳን ዕድል አገኘ።

ይህ ለእርስዎ ቀጠሮ ምን ማለት ነው?

በምክክሩ ቀን ብሌንዎን የሚያሰፋ ጠብታ የሚደረገው ሐኪሙ ይህንኑ ሬቲናና የእይታ ነርቭ በሰፊው እንዲያይ ነው። ሌዘር የሚያስተካክለው የዓይንን የፊት ክፍል ብቻ ነው። ከፍተኛ የሩቅ እይታ ችግር ወይም ማዮፒያ ያለበት ሰው ዓይኑ ከኋላ የረዘመ ስለሆነ ሬቲናው ሊሳሳ፣ ሊቀደድ ወይም ከቦታው ሊላቀቅ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለ መነጽር ጥሩ ቢያይም ይህ አደጋ አይቀርም። ስለዚህ የሬቲና ምርመራ ሊዘለል አይገባም። ከዚህ ቀደም የብርሃን ብልጭታ፣ በድንገት የበዙ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚጋርድ ጥላ አይተው ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። እነዚህ ምልክቶች አሁን ካሉብዎት ደግሞ የምክክሩን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጠብታው ለጥቂት ሰዓታት በቅርብ ያለውን ያደበዝዛል፤ ብርሃንም ያስቸግራል። መኪና እየነዱ አይሂዱ። የሚያጅብዎ ሰውና የፀሐይ መነጽር ይያዙ።

ኮርኒያን በመስታወትነቱ መለካት

ሄልምሆልትዝ ከኦፍታልሞስኮፑ ቀጥሎ ኦፍታልሞሜትር የተባለውን መለኪያ ሠራ። የዓይን የፊት ሽፋን የሆነው ኮርኒያ ጥርት ያለና ክብ ስለሆነ እንደ ትንሽ መስታወት ያንጸባርቃል። አንድ ብርሃን ፊት ለፊቱ ቢቀመጥ ትንሽ ምስል ይታይበታል። ኮርኒያው በጣም የከበበ ከሆነ ምስሉ ያንሳል፤ ዝርግ ከሆነ ይተልቃል። ስለዚህ የምስሉን መጠን የለካ ሰው የኮርኒያውን ቅርጽ ለካ ማለት ነው።

ችግሩ በሕይወት ያለ ዓይን ጸጥ ብሎ አለመቀመጡ ነበር። ሄልምሆልትዝ ሁለት መስታወቶችን በተቃራኒ አቅጣጫ አዘንብሎ ምስሉ ሁለት ሆኖ እንዲታይ አደረገ። ዓይን ሲንቀሳቀስ ሁለቱም ምስሎች አብረው ስለሚንቀሳቀሱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። የአንዱ ጠርዝ የሌላውን ጠርዝ እስኪነካ መስታወቶቹን ያዞራል፤ ከመዞሩ መጠን ተነስቶም የኮርኒያውን ቅርጽ ያሰላል።

ይህ ዘዴ በ1881 ዣቫልና ሺዮትስ በተባሉ ሐኪሞች ለክሊኒክ እንዲመች ሆኖ ተሻሻለ። ዛሬ በክሊኒክ የሚያዩት የብርሃን ክቦች ያሉት ማሽን በኮምፒውተር ታግዞ የኮርኒያን ገጽታ በካርታ ያወጣል። ሥራው ግን ያው ነው፤ ከኮርኒያ የሚንጸባረቀውን ምስል አይቶ ቅርጹን ማወቅ።

የዚህ ምርመራ ጥቅም ትልቅ ነው። ከዓይን አጠቃላይ የብርሃን ማጠፍ ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኮርኒያ ነው። ሌዘር የሚሠራውም በዚሁ ላይ ነው። ኮርኒያው መካከሉ ላይ በአማካይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ውፍረት ስላለው ሌዘር የሚያነሳው ነገር በጥንቃቄ ይሰላል። ኮርኒያ እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ኬራቶኮነስ የሚባል በሽታ መጀመሪያው ላይ ምልክት ላይኖረው ይችላል። ሳይታወቅ ሌዘር ከተሠራበት ኮርኒያው ይበልጥ ደክሞ እይታው ሊበላሽ ይችላል። ሐኪሙ ካርታውን አይቶ አይሆንም ቢልዎት ዓይንዎን አዳነልዎት እንጂ አልከለከለዎትም።

ኮንታክት ሌንስ ግን ኮርኒያን ተጭኖ ቅርጹን ይለውጣል። ሌንሱን እስከ ዋዜማው ካደረጉ የሚለካው የተጫነው ቅርጽ እንጂ የራስዎ ቅርጽ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከምርመራው በፊት ለስላሳ ሌንስ ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ ለአስቲግማቲዝም የሚደረገውን ለስላሳ ሌንስና አየር የሚያሳልፈውን ደረቅ ሌንስ ቢያንስ ለ3 ሳምንት፣ የቀድሞውን ዓይነት ጠንካራ ሌንስ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ማውለቅ እንደሚገባ ይመክራል። ቀጠሮ ሲይዙ የእርስዎ ክሊኒክ ስንት ቀን እንደሚጠይቅ ያረጋግጡ። እስከዚያው በመነጽር ይቆዩ።

ቅርብና ሩቅ

በ1855 ሄልምሆልትዝ ሌላ የቆየ ጥያቄ መለሰ። ሩቅ ተራራ ያየ ዓይን ወዲያው መጽሐፍ ሲያነብ እንዴት ያስተካክላል? እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ከ50 ዓመት በፊት የሚለወጠው ኮርኒያ ሳይሆን የዓይን ሌንስ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ሄልምሆልትዝ በመለኪያው ከሌንሱ ላይ የሚንጸባረቁትን ደብዛዛ ምስሎች ተከታትሎ ሌንሱ ቅርብ ሲታይ እንደሚያብጥ አረጋገጠ፤ አሠራሩንም አስረዳ። ሲሊያሪ የሚባለው ጡንቻ ሲኮማተር ሌንሱን ወጥረው የያዙት ክሮች ይላላሉ። ሌንሱም ከውጥረቱ ሲለቀቅ ይከብባል። ይህ ማብራሪያ ዛሬም በሕክምና ትምህርት ውስጥ ዋናው ነው።

በዕድሜ ሌንሱ ይደርቃል፤ ጡንቻው ቢኮማተርም እንደ ድሮው አይከብብም። ከ40 ዓመት በኋላ ብዙ ሰው ጽሑፍ ከዓይኑ አርቆ ማንበብ የሚጀምረው ለዚህ ነው። የሌዘር ቀዶ ሕክምና ኮርኒያን እንጂ ሌንሱን አያድስም። እንግዲህ በ45 ዓመታቸው የሩቅ እይታቸውን ያስተካከሉ ሰው ለማንበብ መነጽር ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው በቀላሉ ያነቡ የነበሩ ሰዎች ይህን ካልተነገራቸው በጣም ያዝናሉ። ዕድሜዎ ወደ 40 ከተጠጋ ይህን በግልጽ ይጠይቁ።

በወጣቶች ደግሞ ተቃራኒው አለ። ጡንቻው ብርቱ ስለሆነ በምርመራ ጊዜ ሳያውቁት ሊኮማተር ይችላል፤ ያኔ የማዮፒያው ቁጥር ከእውነተኛው በላይ ይሆናል። ሌዘር በዚያ ቁጥር ከተሠራ ከሚፈለገው በላይ ያርማል። ሐኪሙ ጡንቻውን የሚያዝናና ጠብታ ካደረገ በኋላ በድጋሚ የሚለካው ለዚህ ነው።

ሐዘን፣ ሥራና ዝና

ኮኒግስበርግ ብርዷ ኃይለኛ ነበር፤ የኦልጋም ጤና እየደከመ ሄደ። በ1855 ቤተሰቡ ወደ ቦን ተዛወረ። በ1858 ሄልምሆልትዝ በሃይደልበርግ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። ነገር ግን ኦልጋ በ1859 መጨረሻ ሁለት ልጆች ትታ አረፈች። የደም ሥር እስከ ማየት የሚያደርስ መሣሪያ የሠራው ሐኪም ለሚስቱ ሕመም ፈውስ አላገኘላትም። በ1861 አና ፎን ሞልን አገባ፤ ሌሎች ልጆችም ወለዱ።

በእነዚህ ዓመታት ስለ ዓይንና ስለ ማየት የሚታወቀውን ሁሉ የሰበሰበውን ትልቅ መጽሐፉን ከ1856 እስከ 1867 በሦስት ክፍል አሳተመ። ቀለማትን የምናየው ዓይን ለሦስት መሠረታዊ ቀለማት በተለያየ መጠን ምላሽ በመስጠቱ ነው የሚለውን የቶማስ ያንግን ሐሳብ አስፋፋ። በ1863 ደግሞ ስለ ድምፅና ሙዚቃ የጻፈውን መጽሐፍ አወጣ።

ዓይንን ይህን ያህል ያጠና ሰው ስለ ዓይን የሰጠው ግምት ብዙዎችን ያስገርማል። ዓይን እንደ ብርሃን መሣሪያ ሲመዘን ጉድለት የሞላበት መሆኑን በንግግሮቹ አስረድቷል፤ መነጽር ሠሪ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢሸጥለት እንደሚመልስለትም ገልጿል። ሆኖም ዓይን ስለሚንቀሳቀስና አእምሮ የሚያገኘውን ምስል ስለሚተረጉም ለኑሮ ከበቂ በላይ ነው ብሎ ደምድሟል። ይህ ለሌዘር ተመካካሪ ጥሩ ሚዛን ነው። የቀዶ ሕክምናው ግብ እንከን የለሽ ዓይን መፍጠር ሳይሆን የመነጽር ጥገኝነትን መቀነስ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የዓይን ድርቀት፣ በሌሊት በመብራት ዙሪያ የብርሃን ክብ ማየት ወይም ጥቂት የቀረ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ብዙዎቹ በጊዜ ይቀንሳሉ፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ይቆያሉ።

በ1871 ሄልምሆልትዝ የልጅነት ምኞቱ ተሟላለት፤ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። የሬዲዮ ሞገድን በሙከራ ያረጋገጠው ሃይንሪሽ ኸርትስ ከተማሪዎቹ አንዱ ነው። በ1883 የመሳፍንት ማዕረግ ተሰጥቶት በስሙ ላይ ፎን የሚለው ቃል ተጨመረ። በ1886 የዓይን ሐኪሞች ማኅበር በግሬፌ ስም ያቋቋመውን ሜዳሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ ሸለመ። ከዚያም በበርሊን አጠገብ የተቋቋመው የአገሪቱ የፊዚክስና የልኬት ተቋም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ።

በ1893 ወደ አሜሪካ ሄዶ በቺካጎ የነበረውን ዓለም አቀፍ ትርዒት ጎበኘ። ሲመለስ መርከብ ላይ ከደረጃ ወድቆ ተጎዳ። በ1894 በጋ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ ሴፕቴምበር 8 ቀን በ73 ዓመቱ አረፈ።

ከእሱ በኋላ እስከ ሌዘር

የመጀመሪያው ሌዘር የተሠራው በ1960 ነው። በ1983 አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ስቲቨን ትሮክልና ባልደረቦቹ ኤክሳይመር የተባለው ሌዘር ኮርኒያን ሳያቃጥል በጣም በስሱ ማንሳት እንደሚችል አሳዩ። በ1990 አካባቢ በግሪክ ዮአኒስ ፓሊካሪስ ስስ ክዳን ከኮርኒያ ላይ ከፍቶ ከሥሩ በሌዘር የሚያርምበትን፣ ላሲክ የሚባለውን ዘዴ አስተዋወቀ። መሣሪያው አዲስ ነው፤ ነገር ግን ለማን ይሠራ፣ ለማን አይሠራ የሚለውን የሚወስነው አሁንም ምርመራው ነው።

ለምክክሩ እንዴት ልዘጋጅ?

• ክሊኒኩ በነገረዎት ቀን ኮንታክት ሌንስዎን ያውልቁ፤ በመካከል ለአንድ ቀን እንኳን መልሰው አያድርጉ።
• የአሁኑንና የቀድሞ መነጽሮችዎን፣ የቀድሞ የመነጽር ማዘዣ ወረቀቶችዎን ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ቁጥርዎ ቢያንስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ ዳዮፕተር በላይ አለመለወጡን ማየት ይፈልጋል።
• የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ስም ይጻፉ። በተለይ ለብጉር የሚሰጠውን አይሶትሬቲኖይን፣ ለልብ ምት የሚሰጠውን አሚዮዳሮንና ስቴሮይዶችን አይርሱ።
• ስኳር፣ የመገጣጠሚያ ሪህ፣ ሉፐስ፣ የበሽታ መከላከል አቅም መድከም፣ በዓይን ላይ የወጣ ሄርፒስ ወይም ግላኮማ ካለብዎት ይናገሩ። በቤተሰብዎ ኬራቶኮነስ ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው ካለም ያሳውቁ።
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ይግለጹ፤ በዚህ ጊዜ የዓይን ቁጥር ሊለዋወጥ ስለሚችል ቀዶ ሕክምናው ይዘገያል።
• በምርመራው ዕለት ኩል፣ ማስካራ፣ የፊት ቅባትና ሽቶ አይጠቀሙ።
• ዓይንዎ ቶሎ የሚደርቅ፣ የሚቆረቁር ወይም ጠዋት የሚጣበቅ ከሆነ አይደብቁ። ብቁ አይደሉም እንዳይባሉ ብለው የደበቁት ምልክት በኋላ የሚጎዳው እርስዎን ነው።

ሐኪሙን ምን ልጠይቅ?

• የኮርኒያዬ ውፍረትና ቅርጽ ምን ያሳያል? ሬቲናዬስ?
• ለእኔ የሚሻለው የትኛው ዘዴ ነው? ለምን? ሌዘር ካልሆነ ሌላ ምን አማራጭ አለ?
• በእኔ ዓይን ላይ ይበልጥ የሚያሰጋው ችግር የትኛው ነው?
• ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ካልታረመ ድጋሚ ይሠራል? ክፍያው ክትትሉንና ድጋሚውን ይጨምራል?
• በኋላ ለማንበብ መነጽር ያስፈልገኛል?

በመጨረሻም የምርመራ ውጤትዎን ቅጂ ይጠይቁና በጥንቃቄ ያስቀምጡ። ከብዙ ዓመት በኋላ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቢወጣብዎ የሚተከለው ሰው ሠራሽ ሌንስ ኃይል የሚሰላው በኮርኒያ ልኬት ነው። ሌዘር የኮርኒያን ቅርጽ ስለለወጠው የዚያን ጊዜው ልኬት ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ ከሌዘሩ በፊት የተወሰደው ልኬት ግን ሐኪሙን ይረዳዋል። በምክክሩ ቀን መወሰን ግዴታ አይደለም። ቤትዎ ሄደው ማሰብ፣ ከቤተሰብ መመካከርና የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ ይችላሉ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ እውቀት የቀረበ ነው። የዓይን ሐኪምዎ አይቶ የሚሰጥዎትን ምክር አይተካም።